ሁለት ፍሪዘሮች ለሽያጭ

ሜይ 6፣ ማክሰኞ

ፍሪዘሮቹን ልሸጥ ነው። የወሰንኩት ራሴ ነኝ፤ ማንም አልገፋፋኝም።

ባለቤቴ ዲዚፋ ሆ ከተማ ታላቅ እህቷ ዘንድ «ሁለት ሳምንት አርፌ ልምጣ» ብላ የሄደችው በፌብሩዋሪ ነው። አሁን ሜይ ገብቷል። እኔ ዕድሜ ልኬን መንገድና የፍሳሽ ቦይ ያሠራሁ መሐንዲስ ነኝ፤ የጊዜ ሰሌዳ ሲያልፍ እጄን አጣጥፌ ማየት አልተማርኩም። ሱቋ ዝግ ነው። የበረዶ ዓሣ ትሸጥባቸው የነበሩት ሁለት ዲፕ ፍሪዘሮች በመንገድ በኩል ባለው ክፍል ውስጥ ባዷቸውን ተጋድመዋል። እንዳይሻግቱ ክዳናቸውን በእንጨት ደግፌ ከፍቻለሁ። ሽታው አልለቀቀም። የቴማ ወደብ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ሽታው ከውጭ ይምጣ ከውስጥ መለየት አይቻልም።

በዚያ ሁሉ ሰው ዕቃ በሚሸጥበት የገበያ ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ አወጣሁ። እንዲህ ይላል፦

«ሁለት ዲፕ ፍሪዘሮች። አንደኛው 400 ሊትር የሚይዝ፣ ሰባት ዓመት ያገለገለ፤ በግራ ጎኑ አራት ሴንቲ ሜትር ጭረት አለው፤ የክዳኑ ጎማ በቀኝ ማዕዘን በኩል ላልቷል። ሁለተኛው 300 ሊትር፤ ከተሰካ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ይተወዋል። ምክንያቱ አልታወቀም። ዋጋ በአካል ለሚመጣ ብቻ ይነገራል።»

አንብቤ አንብቤ አንድም ውሸት አላገኘሁበትም። በዚያ ገጽ ላይ እንዲህ ሊባልለት የሚችል ሌላ ማስታወቂያ ያለ አይመስለኝም።

ሜይ 9፣ ዓርብ

አንድ ሰው ደወለ። ሰላም እንኳ ሳይል «መጨረሻው ስንት ነው?» አለኝ።

«መጀመሪያውን ሳልነግርህ መጨረሻውን እንዴት እነግርሃለሁ?» አልኩት። ዘጋው።

ሌላ አልደወለም። ሁለተኛው ፍሪዘር ሲያጉረመርም ዲዚፋ በእጇ መታ መታ ታደርገው ነበር። ያ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፍ ነገር አይደለም።

ሜይ 11፣ እሑድ

ኒ ኦካይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጎራ አለ። ቢሮ አብረን የሠራን ቀያሽ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በዚያው ገጽ ላይ አሮጌ መኪና እየገዛ ይሸጣል። አፉ ዘይት የተቀባ ነው። ማስታወቂያዬን ስልኩ ላይ ከፍቶ አነበበና እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ኤሊከም፣ ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ የፖሊስ ምርመራ? ‹ምክንያቱ አልታወቀም!› እኔ ፍሪዘሩን ብሆን ጠበቃ እቀጥር ነበር።»

«እውነት ነው የተጻፈው።»

«እውነቱን ማን ጠላው? እውነቱን ቤትህ ሲመጡ ትነግራቸዋለህ። መጀመሪያ ግን ይምጡልህ!» ከዚያ በጣቱ እየቆጠረ ያስተምረኝ ገባ። ርዕሱ አጭርና ሳቢ ይሁን። ፎቶ ያስፈልጋል፣ በቀን ብርሃን። ዋጋ ጻፍ፤ ዋጋ የሌለው ዕቃ ሰው ያስፈራል። ሲደውሉ ቶሎ አንሳ፣ አትቆጣ። «ደግሞ ሰው ሻጩን ማየት ይፈልጋል። በዚህ ገጽ ላይ ሌባው በዝቷል። ፊትህን አሳያቸው፤ ማን እንደሆንክ፣ ከየት እንደሆንክ ንገራቸው። ያኔ ያምኑሃል።»

ይሄ የመጨረሻው ምክር ብቻ ቁም ነገር አለው። የቀረው የደላላ ወሬ ነው።

ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆሞ «ዲዚፋ ታውቃለች?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ፍሪዘሯን እንደምትሸጥ ነዋ።»

«ማስታወቂያው ለሁሉም ክፍት ነው። ማንም ያነበዋል።»

ኒ ኦካይ ትንሽ አየኝና «እሺ፣ ኢንጂነር» ብሎ ሄደ። «እሺ ኢንጂነር» ሲል አልወድለትም።

ሜይ 14፣ ረቡዕ

ዝናብ። መብራት የለም። ዋጋ ጻፍኩበት። ሁለት ጥሪ። አንዱ ዋጋው ግማሽ ይሁን አለ። ሌላው ገንዘቡን በስልክ ልኬልሃለሁ፣ የመጣልህን የሚስጥር ቁጥር ንገረኝ አለ። ሌባ። ሌባ እንደሆነ ነገርኩት። «አንተ ሽማግሌ፣ ምን ያስቆጣሃል?» አለኝ። ከሌባ ጋር ሩብ ሰዓት ተከራከርኩ። ለምን?

ሜይ 15፣ ሐሙስ

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነገሩን እንደነበረ ልጻፈው።

በፌብሩዋሪ አንድ ቅዳሜ ሱቁ ሞልቶ ነበር። አንዲት ሴትዮ ሁለት ኪሎ ማክሬል ገዛች። እኔ በአጋጣሚ በዚያ በኩል አልፍ ነበር። የዲዚፋ ሚዛን ከቆየ ጀምሮ ያጠራጥረኛል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ከቢሮ የቀረችኝን ትንሽ ሚዛን ይዤ ፈትኜው ነበር። የሴትዮዋን ከረጢት ተቀበልኩና በእኔ ሚዛን መዘንኩት። አርባ ግራም ይጎድል ነበር። «ጎድሎብሻል» አልኳት። የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው። ድምፄ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ የግንባታ ቦታ ላይ ያደገ ድምፅ ነው። ዲዚፋ ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ለሴትዮዋ አንድ ትልቅ ዓሣ ጨመረችላት። ከዚያ ሱቁን እስክትዘጋ ድረስ ቃል አልተናገረችም። እኔን «ለምን?» ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ አስረዳት ነበር።

ሚዛኑ ልክ አልነበረም። እኔ ልክ ነበርኩ። ይህን ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ፤ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ በየገጹ አለ። ልክ የሆነ ነገር ይህን ያህል መደጋገም ያስፈልገዋል እንዴ? አልገባኝም።

ሜይ 18፣ እሑድ

ልጃችን ማዊሲ ከኩማሲ ደወለች። ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ሁልጊዜ ከሥራ ወደ ሥራ ስትሮጥ ነው የምትደውለው።

«ዳዲ፣ የማማን ፍሪዘር እየሸጥክ ነው እንዴ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ገጹ ላይ አየሁት። ጭረት ምናምን የሚል ሌላ ማን ይጽፋል? ነግረሃታል?»

«ማየት ከፈለገች ታያለች።»

«አሃ! እንግዲያው እንድታይ ነው የለጠፍከው።»

«ዕቃ ለመሸጥ ነው የለጠፍኩት፣ ማዊሲ።»

«ደውልላት በቃ! አንድ ስልክ እኮ ነው!»

«የሄደችው እሷ ናት።»

«ኧረ ዳዲ...» አለችና ሰው ጠራት፤ ተቋረጠ።

ማታ የበቆሎ ኬንኬ በዓሣ ከመንገድ ገዝቼ በላሁ። የዓሣ ነጋዴ ባል ከመንገድ ዓሣ ገዝቶ ይበላል።

ሜይ 24፣ ቅዳሜ

የላርቢ ቀብር ነበር። አንድ ቢሮ ውስጥ አሥር ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ሠርተናል። ወሩን ሙሉ ከየግንቡ፣ ከየምሰሶው ላይ ሲስቅብኝ ሰነበተ፤ ቤተሰቡ ትልልቅ የለቅሶ ፖስተር አሳትሞ ከተማውን አልብሶታል። ፎቶው፣ ከሥሩ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የትውልድ መንደሩ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ስልክ ቁጥራቸው። ዕድሜውን በሁለት ዓመት አሳስተውታል። ለልጁ ነገርኩት። «አሁን ምን ዋጋ አለው፣ አጎቴ?» አለኝ። ሰው ሙሾ ወርዶለት ዕድሜው እንኳ በልክ የማይጻፍለት ከሆነ ምኑን ተከበረ?

ጥቁሩን የለቅሶ ጨርቅ ትከሻዬ ላይ እንዳጣጠፍኩ ቤት ገባሁ። ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ብርሃኑ ደግሞ ልክ ኒ ኦካይ እንዳለው ነው። የሱቁን በር በሰፊው ከፈትኩ። ስልኬን ኩርሲ ላይ አቁሜ፣ በራሱ እንዲያነሳ አድርጌ፣ ከትልቁ ፍሪዘር ጎን ቆምኩ። እጄን ክዳኑ ላይ አደረግኩ፤ ሰው ከጎኑ ካለ የዕቃው መጠን ይታያል፣ ማንኛውም የግንባታ ፎቶ እንደዚያ ነው የሚነሳው። ጨርቁን ለመቀየር ብገባ ፀሐይዋ ትሄድብኝ ነበር። ፎቶው ጥሩ ነው። ረጋ ያልኩ፣ የምታመን ሰው እመስላለሁ።

አሮጌውን ማስታወቂያ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ርዕሱ «ከሐቀኛ ሰው ቤት» የሚል ነው። ኒ ኦካይ ሻጩን ያሳውቅ ብሏል፤ እኔ ግማሽ ሥራ አልሠራም። «ኢንጂነር ኤሊከም አግቦዞ። ዕድሜ 56። የትውልድ ቦታ አንሎጋ። ለሃያ ስምንት ዓመት በመንገድና በፍሳሽ ሥራ ሕዝቡን ያገለገለ። ባለቤት፦ ወይዘሮ ዲዚፋ አግቦዞ። ልጅ፦ ማዊሲ አግቦዞ፣ ኩማሲ።» የእኔንና የዲዚፋን ስልክ ቁጥር አስገባሁ። የሷን ያስገባሁት የፍሪዘሮቹ ደረሰኝ በስሟ ስለሆነ ነው። ገዢ የሚጠይቃት ነገር ሊኖር ይችላል። ከዚያ በታች ስለ ፍሪዘሮቹ ዝርዝሩን ሁሉ።

አሁን ይሸጣል።

ሜይ 26፣ ሰኞ

ስልኩ አላቆመም! ኒ ኦካይ ልክ ነበር። ነገር ግን ገዢዎቹ ግራ ያጋባሉ። ሁለቱ «ሃሎ» ስላቸው ተንፍሰው ዘጉ። የአንዱ ድምፅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛዬን ይመስላል፤ «አይ፣ አይ፣ አይ» ብሎ ዘጋው። ዋጋው በዝቶበት ይሆን?

አንዲት ሴትዮ ግን ረጅም ጊዜ አወራችኝ። እንደ ወረደ ልጻፈው፤ ምናልባት ነገ ይገባኝ ይሆናል።

«ይቅርታ፣ ስለ ኢንጂነሩ ነው የምደውለው» አለች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል።

«ይናገሩ።»

«መቼ ነው መምጣት የሚቻለው?»

«በማንኛውም ቀን፣ ጠዋት።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«በመንገድ በኩል ባለው ክፍል።»

«እቤት?! እቤት ነው ያስቀመጣችሁት?»

«የት እንዲሆን ፈለጉ?»

«እና... ቅዝቃዜው ይበቃዋል?»

«አሁን አልተሰካም። ሲመጡ እሰካልዎታለሁ።»

ሴትዮዋ ጮኸች። በእውነት ጮኸች። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

ሕዝቡ ምን ነክቶታል?

ሜይ 28፣ ረቡዕ

ጥሪ በጥሪ ላይ። ስለ ሊትር የጠየቀ የለም፣ ስለ ጎማው የጠየቀ የለም።

አዳኑ የሚባል ሰው ደወለ። አሻይማን ላይ የጎርፍ ቦይ ስናሠራ የግንበኞች አለቃ ነበር። እኔ መሆኔን አላወቀም፤ «ወንድሙ ነህ?» አለኝ። ጥሪው በዝቶብኝ ተናድጄ ስለነበር «ምን ፈለግህ?» አልኩት።

«ምንም። ለቤተሰቡ አንድ ነገር ልናገር ብዬ ነው። ያ ሰውዬ ለሦስት ሴንቲ ሜትር ብሎ አንድ ሙሉ ቦይ አስፈርሶናል። በፀሐይ! በልቤ ስንት ስም አወጣሁለት። ግን ባለፈው ወር ሰፈሩ ሁሉ ሲጥለቀለቅ በእኛ ቦይ በኩል ያለው ቤት አንድ ጠብታ ውሃ አልገባበትም። ልነግረው አስቤ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል...» ከዚያ ቀጠለ፦ «ክፉ ሰው አልነበረም። አስቸጋሪ ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

«ነበር» ይላል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ስለ እኔ በ«ነበር» ማውራት ለምዷል። ጡረታ የወጣ ሰው ይሰማል፣ ይናገራል፣ ሱሪውን ይለብሳል። ተናደድኩ። ቢሆንም አዳኑ የተናገረው ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ሜይ 30፣ ዓርብ

ጠዋት ሁለት የወደብ ዓሣ ነጋዴዎች አጥሩ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ጥቁርና ቀይ ለብሰዋል፤ አንድ ሣጥን ለስላሳ ተሸክመዋል። ዲዚፋን ያውቋታል፣ እኔን ግን አያውቁኝም፤ ወደብ ወርጄ አላውቅም። አንዷ ስታየኝ ደረቷን ያዘች። «እንዴት ይመሳሰላሉ!» ስትል ሰማኋት።

«ዲዚፋ የለችም እንዴ?» አለች ሌላዋ።

«ሆ ናት።»

«አዎን፣ ለዝግጅቱ ሄዳለቻ። እግዚአብሔር ያጽናት።» ሣጥኑን አስረከቡኝ። ለራሷ በሚመስል ድምፅ ደግሞ ቀጠለች፦ «እሷን የመሰለች ሴት! ሚዛኗ እኮ ድሮም ትንሽ ይጎድል ነበር፣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለዚያ ነው ማንንም ያለ ምርቃት ሸኝታ የማታውቀው። ሁልጊዜ ከላይ አንድ ዓሣ። ሁልጊዜ። ሰው ከሚዛኑ በላይ ይዞ ነው የሚገባው።»

ምርቃት በሚዛን ውስጥ አይገባም። ሚዛን ሚዛን ነው።

ሁልጊዜ ከላይ አንድ ዓሣ። አላውቅም ነበር። ብትነግረኝ...

ለምንድን ነው ለስላሳ ያመጡልኝ?

ከሰዓት ድንኳንና ወንበር አከራይ መጥቶ ለሦስት መቶ ሰው ዋጋ ልስጥዎ አለኝ። «ሁለት ፍሪዘር ለመግዛት ሦስት መቶ ሰው ይሰለፋል?» ብዬ ጮህኩበት። እየሮጠ ወጣ። ስልኬን ዘጋሁት። መሳቢያ ውስጥ ጨመርኩት። በቃኝ።

ጁን 2፣ ሰኞ

ጠዋት አጥሩ ተንኳኳ። ኒ ኦካይ ነው። ጥቁር ለብሷል፣ ዓይኑ አብጧል። በሩን ስከፍት እንደ ሕፃን ጮኸና መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አንተ! አንተ ሰውዬ! አልሞትክም?!»

«ማን ሞተ አለህ?»

«አንተ ነህ ያልከው! ራስህ ለጠፍከው! ኩማሲ መኪና ልገዛ ሄጄ እዚያ ድረስ ደረሰኝ፤ ሌሊቱን ስነዳ አደርኩ፤ ስልክህ ዝግ ነው!» ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ጫማዬን በቡጢ ይመታል።

ስልኩን አወጣና አሳየኝ። ገጹ ላይ ማስታወቂያው ሳይከፈት እንዴት እንደሚታይ አይቼው አላውቅም ነበር፤ እኔ ሁልጊዜ ከፍቼ ነው የማነበው። ገጹ ፎቶውን በአራት ማዕዘን ቆርጦታል። ፍሪዘሩ የለም። እኔ ብቻ፣ ከደረት በላይ፣ በጥቁር ጨርቅ፣ ረጋ ብዬ። ከሥሬ «ከሐቀኛ ሰው ቤት»። ስም። ዕድሜ። የትውልድ ቦታ። ሕዝቡን ያገለገለ። ባለቤት። ልጅ። ስልክ ቁጥር። እዚያ ጋ ይቆማል። ፍሪዘሮቹን ለማየት «ሙሉውን አንብብ» የሚለውን መጫን ያስፈልጋል። ማንም አልተጫነውም። ሰው እዚያችን ብቻ ከስልኩ ላይ እየቀረጸ ሲልክ ሰንብቷል፤ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ ለቢሮው፣ ለአንሎጋ ልጆች ማኅበር።

የላርቢን ፖስተር ስተች እንዳልነበር፣ የራሴን ሠርቼ ለጠፍኩ። ዕድሜው ብቻ ልክ ነው።

ስለ ቆረጡት ለገጹ ባለቤቶች ጠንከር ያለ ደብዳቤ ልጽፍ ብዕር አነሳሁ። ከዚያ የዲዚፋ ቁጥር ትዝ አለኝ። ያን ሁሉ ሰው እሷ ላይ ልኬዋለሁ።

ስልኬን አበራሁት። ያመለጡኝ ጥሪዎች ወረዱ፣ ወረዱ፣ ወረዱ። ማዊሲ ደጋግማ ደውላለች። ወደ ላይ ወደ ታች ገፋሁት። ከዲዚፋ አንድም የለም።

አንድም።

ጁን 3፣ ማክሰኞ

ማስታወቂያውን አጠፋሁ። ማዊሲ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ሰደበችኝ፤ አባቷን እንዲህ ስትሰድብ ሰምቼ አላውቅም፤ እስክትጨርስ ሰማኋት።

«መምጣት ለምን ተውሽ?» አልኳት፤ ወቀሳ አልነበረም፣ ለማወቅ ነው።

«ቦርሳዬን ይዤ ተነስቼ ነበር። ማማ ጋ ስደውል ‹አልሞተም፣ ሥራሽን ሥሪ› አለችኝ።»

«እንዴት አወቀች?»

«እሷን ጠይቃት! እኔ በእናንተ መካከል ስልክ ቤት ነኝ እንዴ?»

ታዲያ ታውቃለች። እንዳልሞትኩ እያወቀች አልደወለችም። ይሄ ምን ማለት ነው? ሞቷል ብላ ዝም ብትል ይገባኛል፤ አለ ብላ ዝም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ወይስ «በቃ» የሚሉት ይሄ ነው? ሰው እንዲህ ሲሆን መሐንዲስ አይጠራም። ሥዕል የለው፣ መለኪያ የለው።

ጁን 5፣ ሐሙስ

ቁጥሯን አውጥቼ አየሁት። መለስኩት። ዝናብ ቀኑን ሙሉ። ምን ልበላት? «አለሁ»? ያንንማ ታውቃለች።

አዳኑም «ዛሬ ነገ ስል...» ብሎ ነበር።

ጁን 6፣ ዓርብ

ደወልኩ። አንስታ «ሃሎ» አለች። ከኋላዋ ገበያ ይሰማል። «ስለ ሚዛኑ...» አልኩ። «አሁን ሰው አለብኝ» አለችና ዘጋችው።

በ«ስለ ሚዛኑ» መጀመር አልነበረብኝም። ሌላ መጀመሪያ ግን አላገኘሁም።

ጁን 7፣ ቅዳሜ

የጭነት መኪና አጥሩ በር ላይ ቆሟል። ዲዚፋ ወርዳ እየመጣች ነው። ኋላ እጽፋለሁ።

ጁን 8፣ እሑድ፣ ሆ ከተማ

ትናንት ያልጻፍኩትን።

ዲዚፋ የገበያ ልብሷን ለብሳ፣ ሻሿን አጥብቃ ነው የመጣችው። ሰላምታ የለም። ቀጥ ብላ ሱቁ ገባች፤ ክዳኖቹን የደገፍኩበትን እንጨት አንስታ ጥግ ጣለች።

«ማን ሽጥልኝ አለህ?»

«አልተሸጡም።»

«አውቃለሁ አልተሸጡም! የሞተ ሰው ዕቃ ማን ይገዛል?» ዞረች። «ኤሊከም፣ ስንት ሰው ደወለልኝ መሰለህ? ዓሣ በአንድ እጄ፣ ስልክ በአንድ እጄ፣ ስንቱን ‹አልሞተም› ስል ሰነበትኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አላምንሽም አለኝ! ‹ድንጋጤ ነው እንዲህ የሚያስወራሽ› አለኝ።»

«አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

«አነበብኩታ!» አለች። «ሰው ሁሉ ፎቶህን አይቶ አለቀሰ። እኔ እስከ ታች አነበብኩት። ጭረቱን፣ ጎማውን። የሟች ቤተሰብ ስለ ክዳን ጎማ ይጽፋል? አንተ ነህ እንጂ!» ሳቅ የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ መጥቶ ሄደ። «የመጀመሪያውንም አንብቤዋለሁ። ከዚያ ዋጋ የጻፍክበትንም።»

ሦስቱንም። ኩርሲው ላይ ተቀመጥኩ።

«ለምን አልደወልሽም?»

«አንተስ?»

ሹፌሩና ረዳቱ ትልቁን ፍሪዘር ብድግ አደረጉ። ሆ መኪና ተራው አጠገብ እህቷ ሱቅ አግኝታላታለች፤ ከኤፕሪል ጀምሮ በተከራየችው ፍሪዘር ትሠራ ነበር። እረፍት ላይ ያለች መስሎኝ ነበር። እኔ ሦስት ወር ሙሉ የተዘጋ ሱቅ ስጠብቅ ሱቁ ሌላ ቦታ ተከፍቷል። አሁን ፍሪዘሮቿን ልትወስድ ነው የመጣችው። ወደዚህ ቤት አልመለስም አላለችም፤ እመለሳለሁም አላለችም። አልጠየቅኩም። መጠየቅ ፈለግኩ፣ አፌ ግን «ገመዱን በዚያ በኩል አጥብቁት» ነው ያለው።

«የወደብ ሴቶች መጥተው ነበር» አልኳት። «ስለ ምርቃቱ ነገሩኝ።»

ቀና አላለችም። «ዐሥራ አንድ ዓመት ስሸጥ ከጎኔ ነበርክ፤ አይተኸው አታውቅም?»

«አላየሁትም።»

ከዚያ ወደ መኪናው ሄዳ የፊቱን በር ከፈተች።

«የፊቱ ወንበር ሦስት ሰው ይይዛል ይላል ሹፌሩ» አለች፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መንገዱ እያየች።

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ይኸው ጀመረ!»

ሁለት ሸሚዝና ይህን ደብተር ይዤ ወጣሁ። ሚዛኔን መሳቢያ ውስጥ ተውኳት። አቲምፖኩ ድልድዩ ጋ ስንደርስ አቦሎ የሚሉትን የበቆሎ ዳቦና የተጠበሱ ትንንሽ ዓሦች በመስኮት ገዛች፤ ከነወረቀቱ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። እሷ በላች፣ እኔ በላሁ። ሹፌሩ በተሳሳተ ማርሽ ዳገት ይወጣ ነበር። ምንም አላልኩትም። ጥርሴ ውስጥ ነው ያስቀረሁት።

የእህቷ ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፈውልኛል። ዲዚፋ ከእህቷ ክፍል ነው የምታድረው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ስለ ነገ የተነገረኝ ነገር የለም።

ጁን 14፣ ቅዳሜ

ሱቁ ጠባብ ነው። በር ላይ ኩርሲ ተሰጥቶኛል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የማስነሳው እኔ ነኝ። ሰዎች ያዩኝና ይንሾካሾካሉ፤ ሞቶ የተነሳው ባሏ ነው ይላሉ። ዲዚፋ አታስተባብልም። ገበያ ያመጣል ትላለች።

ዛሬ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ሳለ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ማክሬልና ቀይ ዓሣ ገዛ። ዲዚፋ ሒሳቡን በቃሏ ደመረችና ነገረችው። ሰውዬው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«ኢንጂነር፣ ልክ ናት?»

ዲዚፋ ቢላዋዋን ይዛ ቆመች። አላየችኝም።

«እሷ ካለች ልክ ነው» አልኩ።

ሰውዬው ከፈለ። ዲዚፋ ከላይ አንድ ዓሣ ጨመረችለት፤ ቀጥሎ ያለውን ሰው ጠራች።

ልክ አልነበረም። በሁለት ሴዲ ስታለች። እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ይቅር።